ዘጠና ሰባት ላይ የቆመችው ልጅ

ጠጋ በሉ፣ ማንም ሳይሰማን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰው ትዳርና ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ የምተነትነው ሴትዮ፣ ሰባትን በስምንት ማባዛት ሲኖርብኝ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ጣቶቼን ልቆጥር ነው። ሰው ቁልፍ የምፈልግ ይመስለዋል። ባለፈው ስብሰባ ላይ አዘጋጃችን "በሰባት አምድ፣ ስምንት ስምንት አንቀጽ ስንት ይሆናል?" ሲለኝ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። የዋህ ሰው ነው፤ "ቁልፍሽ ጠፋ እንዴ?" ብሎ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ፈለገልኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬው ተንበርክኬ ፈለግኩ።

የሚገርመው ያደግኩት ልኬት በሚመለክበት ቤት ነው። አባታችን አናጢ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ሚሊሜትር" ነው የሚለው። ወንበር ሠርቶ ካስረከበ በኋላ "አንድ እግሩ በአንድ ሚሊ ያጥራል" ብሎ የሰው ቤት ሄዶ፣ እንግዳ የተቀመጠበትን ወንበር አስነስቶ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከእኛ ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ስትጽፍ ነው ያደገችው፤ አባባ እስከ ዛሬ "ጠመኔ" ነው የሚላት። እኔን "ጋዜጣ" ይለኛል። ምክንያቱን አልነግራችሁም።

አባባ ስልክ አይወድም። መጋዙ እየጮኸ አይሰማም፤ ደግሞም "በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ አላልኩም ይባላል" ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ይጻጻፋሉ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው የአባባ የድሮ ደንበኛ የሆነ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የተጻጻፉትን ሰጥተውኛል። አንዱ የለም፤ አባባ ጀርባው ላይ የቁም ሣጥን ልኬት ጽፎበት ከቁም ሣጥኑ ጋር ደንበኛ ቤት ገብቷል። አትሚው ብለውኛል፤ አባባ "ቃል እንዳትጨምሪ" ነው ያለኝ። አልጨመርኩም። እዚህም እዚያም ጣልቃ ብገባ ግን አመሌ ነውና ተዉኝ።

*

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬ ከመጋዙ ድምፅ በላይ ይሰማዎት። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ለእረፍት እመጣለሁ ብዬ ስለቀረሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

በመጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። አይ አባባ፣ ማስተማር አልተውኩም። መጫወቻ መነገድም አልጀመርኩም። አሥራ ሦስት ጥርብ እንጨት የምፈልገው ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

ክፍሌ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉ። በኅብረት "አምስት ሲደመር ሦስት፣ ስምንት" ሲሉ ቢሰሟቸው ደስ ይልዎታል፤ ዜማው ያምራል። አንዱን ብቻውን አስነስቼ ስጠይቅ ግን ዜማው ይጠፋበታል። ባለፈው አንዷን "ስምንት መሆኑን በምን አወቅሽ?" አልኳት። "ከአምስት ሲደመር ሦስት በኋላ የሚባለው ስምንት ስለሆነ ነው" አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ስለዚህ "ጉዞ ወደ መቶ" የሚል ጨዋታ አወጣሁ። ካርቶን ላይ ከአንድ እስከ መቶ ቁጥር ያለው መንገድ ሣልኩ። ለአራት ልጆች አንድ ካርቶን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ አለው፤ ቆርኪው እሱ ነው። ዳይሱን፣ ስድስት ጎን ያለውን ባለ ነጠብጣብ ጥርብ፣ ሁለት ጊዜ ይጥላል፣ የወጡትን ሁለት ቁጥሮች ይደምራል፣ ያን ያህል ይራመዳል። የሚያሸንፈው ልክ መቶ ላይ ያረፈ ነው፤ ካለፈ ባለበት ይቆማል። እንግዲህ ሳይደምር የሚራመድ፣ ሳይቀንስም የሚያሸንፍ ልጅ የለም። ከወረቀት የሠራኋቸው ዳይሶች ግን ሁለት ቀን አልቆዩም። አንዱ ዴስክ ሥር ተንከባሎ ተረገጠ፤ አንዱን ጉንፋን ይዟት የምታስነጥስ ልጅ አራሰችው።

ርዕሰ መምህሯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ወላጆች ጨዋታውን ይፈራሉ፣ እሷም ወላጆችን ትፈራለች። "እስከ ታኅሣሥ 20 ሞክሪ" ብላኛለች። ያን ቀን ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ልጆቹ ለሚጠይቃቸው ካልመለሱ የጨዋታው ሣጥን ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ይቆለፍበታል፤ እኛም ወደ ዜማችን እንመለሳለን። ለእረፍት ያልመጣሁት ካርቶን ስሥል ነው።

ልጅዎ

*

ጥቅምት 19

ይድረስ ለልጄ ለጠመኔ፣

ወገቤ እንዳለ አለ፤ እሱም እኔን ለምዶኛል። ላልመጣሽበት ይቅር ብያለሁ፤ እህትሽ ጋዜጣ ግን አላለችም፣ እያወራች ነው።

አሥራ ሦስቱን ልኬያለሁ። አንቺ ዳይስ በይው፣ እኔ ጥርብ ነው የምለው። እያንዳንዱ ጎን ሃያ አምስት ሚሊ ነው። ሃያ ስድስት የሆነ ካገኘሽ የእኔ አይደለም፣ መንገድ ላይ ተቀይሯል። በሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት አሽቻቸዋለሁ፤ የሕፃን ጉንጭ ነው የሚመስሉት። ነጠብጣቦቹን ቀለም አልቀባኋቸውም፤ ቀለም በልጅ እጅ ይለቃል። በመሰርሰሪያ በስቻቸዋለሁ፣ ዓይኑ የደከመ ልጅም ቢኖር በጣቱ ያነበዋል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ፊትና ጀርባው ሲደመር ሁልጊዜ ሰባት ነው። አንድ ከላይ ከሆነ ስድስት ከሥር ነው፤ አምስት ከላይ ከሆነ ሁለት ከሥር ነው። እንዲህ ያላደረገ ሰው ዳይስ ሠርቻለሁ አይበል። ባንዱ ላይ ሃያ አንድ ቀዳዳ አለ፤ በአሥራ ሦስቱ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት። ለርዕሰ መምህሯ ንገሪያት።

ስሠራ ሰው አልጠፋም። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ "ሚሊሜትር፣ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" ይላሉ። ለማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ልጆቹ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ፤ ለሰው ልነግር ቃል ገብቻለሁ።

አባትሽ

*

ኅዳር 3

ይድረስ ለአባባ፣

ሹፌሩ ጥቅሉን ራሱ ክፍሌ ድረስ አመጣልኝ። ሣጥኑን ስከፍተው ልጆቹ መጀመሪያ አሸተቱት። "ጫካ ጫካ ይላል" አለ አንዱ። ይህን ለልብስ ሰፊው ይንገሩት።

ይጮኻል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ይጮኻል። የመጀመሪያ ቀን አሥራ ሦስቱም አንድ ላይ ዴስክ ላይ ሲወድቁ፣ በግድግዳ የምንዋሰነው የ"ለ" ክፍል መምህር በረዶ የዘነበ መስሎት ልጆቹን ከመስኮት አሸሸ። አሁን የምንጥለው ጨርቅ በተነጠፈበት የጫማ ካርቶን ክዳን ውስጥ ነው።

ደንብ አውጥተናል። ዳይሱን በእጁ ያገላበጠ ተራውን ያጣል፤ ለማየትም ቢሆን። እነዚህ ልጆች ሲያጭበረብሩ ቢያዩዋቸው፣ አንዱ ዳይሱን አልጣለውም፣ አስቀመጠው እንጂ።

ደስ የማይለውንም ልንገርዎት። አንዲት እናት፣ ነርስ ናት፣ የልጇን ደብተር ይዛ መጣች። ባዶ ነው። "ልጄ ቤት መጥታ ስድስት ወጣልኝ ትለኛለች። መምህርት፣ ይሄ ቁማር ነው ወይስ ትምህርት?" አለችኝ። ሌሎች ሁለት ወላጆችም ከኋላዋ ቆመው ነበር። ርዕሰ መምህሯ በበሩ በኩል አየችን፤ ወደ ቢሮዋ ስትገባም የቀን መቁጠሪያውን አየችው።

የነርሷን ልጅ ልጆቹ "ይደገም" ነው የሚሏት። በተሸነፈች ቁጥር "ይደገም" ስለምትል ነው። ታኮርፋለች፣ እጇን ታጣጥፋለች፣ ከዚያ ደግማ ትጫወታለች። ከሃምሳ ሁለቱ አንዷን ውደጂ ቢሉኝ እሷን ነበር፤ መምህር ግን እንዲህ አይልም፣ አላልኩም።

ልጅዎ

*

(ቁም ሣጥን ውስጥ የገባው፣ እህቴ አንድ ተጨማሪ ዳይስ የጠየቀችበት ደብዳቤ እዚህ ጋ ነው። የሚቀጥለውን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። በዚያው ሳምንት እህቴ ስልክ ደወለችልኝ። "ከአባባ ዳይሶች አንዱ ሁለት አምስት አለው፣ ሁለት የሚባል የለውም። ብትነግሪው አልነገርኳትም እላለሁ" አለችኝ። ልብ በሉ፣ ሚሊሜትር ነው የተሳሳተው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያርም የኖረው። አፌን ያዝኩ። ጋዜጣ የተባልኩት ሴት፣ በየእሑዱ ፊቱ ተቀምጬ ያን ሁሉ ሳምንት አፌን ያዝኩ።)

*

ኅዳር 24

ይድረስ ለአባባ፣

በጣም ደህና ነን። አንድ ተጨማሪ ዳይስ ለምን እንደፈለግኩ በሹፌሩ በኩል ጠይቀዋል። አንዱ ጠፍቶ ነው። የት እንደጠፋ አላወቅኩም፤ ልጆች ናቸው፣ ኪስ አላቸው። እርስዎ የሠሩት ነገር አይጠፋም እንዳሉት፣ ልክ ነዎት፣ ምናልባት ይገኝ ይሆናል። ሲመችዎት ብቻ ይላኩልኝ፣ አይቸኩሉ።

ይደገም ደህና ናት፣ ላሰቧት ታመሰግናለች። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው በሙሉ ዘጠና ሰባት ላይ ቆማ ቀረች፤ ሦስት ብቻ ነበር የቀራት። ደወል እስኪደወል ድረስ ሦስት አልወጣላትም። ጓደኞቿ ሦስቱም ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ፣ አሁን የማርመው ደብተር አለኝ።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለጠመኔ፣

አሥራ አራተኛውን ጥርብ ልኬያለሁ። ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ ከዚያው ከአንድ ጣውላ የተረፈ ቁራጭ ነው።

ጠፋ ያልሽውን አላመንኩም። አንቺ ልጅ ሆነሽ ጠመኔ ስትሰርቂ እንኳ "ጠፋ" ትዪ ነበር፤ ጣቶችሽ ግን ነጭ ነበሩ። ከሰበሩት ሰበሩት በይኝ፤ እንጨት ይሰበራል። የዋንዛ እንጨት ስለሆነ አይሰበርም እንጂ።

ታኅሣሥ 20 ስንት ሰዓት ላይ ነው ሰውየው የሚመጣው? ያን ሰዓት መጋዙን አቆማለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ዝም ብዬ ነው።

አባትሽ

*

ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለአባባ፣

ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ሄደ። ሣጥኑ ክፍላችን ውስጥ እንዲቆይ ተፈቅዷል። ልጆቹ ደህና መለሱ። ዝርዝሩን በኋላ።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለጠመኔ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለልብስ ሰፊው አነበብኩለትና "አለቀ?" አለኝ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። አለቀ።

እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። ሦስተኛ ክፍል አንደኛ ስትወጪ ከበር ጀምረሽ እስከ እራት ያወራሽ ልጅ ነሽ፣ ውሃ ስትጠጪ እንኳ በእጅሽ እየጠቆምሽ ነበር። ደስታሽን በአራት መስመር አትጨርሺም። አንድ ነገር ደብቀሽኛል። እህትሽን ጠየቅኳት፤ ቀና ብላ ጣሪያ አየችና ስለ ጣሪያው ሥራ አደነቀችኝ። ጣሪያውን የሠራሁት እሷ ሳትወለድ ነው።

አንዱ ልጅ ተጎዳ? ጥርቡ ስንጥር አወጣ? በይ ንገሪኝ። ከሥራዬ የተነሳ ከሆነ ከአንቺ ልስማው።

አባትሽ

*

ጥር 5

ይድረስ ለአባባ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማንም አልተጎዳም። ስንጥርም የለም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ይደገም ዘጠና ሰባት ላይ የቆመች ዕለት ዕድል ነው አልኳት። "ዕድል እንዲህ ረጅም አይሆንም" አለችኝ። በማግስቱ ያንኑ ዳይስ ጠየቀች፤ ጎኑ ላይ ጥቁር የእንጨት ቋጠሮ አለው፣ በእሱ ነው የምትለየው። ለሁለት ቀን በእረፍት ሰዓት ኳስ ሳትጫወት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ስትጥል፣ ደብተር ላይ ጭረት ስታደርግ አየኋት። ያ ባዶ የነበረው ደብተር ነው። ከዚያ መጣችና "መምህርት፣ ይሄ ዳይስ ሁለት የለውም" አለች።

"አገላበጥሽው?" አልኳት። ደንባችንን ያስታውሱ።

ተቆጣችኝ። "አላየሁትም። ቆጠርኩት" አለች።

ስልሳ ጊዜ ጥለውታል። አንድ፣ ዘጠኝ ጊዜ። ሦስት፣ አሥራ አንድ። አራት፣ አሥር። ስድስት፣ ዘጠኝ። አምስት፣ ሃያ አንድ። ሁለት፣ ባዶ። አባባ፣ ስምንት ዓመቷ ነው።

ዳይሱን አገላበጥኩት። አምስትና ጀርባው አምስት። ሁለት የለም። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እርስዎ ነው። ሃያ አምስት ሚሊ ያሉትን፣ ፊትና ጀርባ ሰባት ያሉትን አሰብኩ። ስለዚህ "ጠፋ" ብዬ ዋሸሁ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ልደብቀው ነበር፣ ልጆቹ ግን ሣጥኑ ላይ ዘብ ቆሙ። እንዲያውም አንድ ቀን የሁሉንም ቀዳዳ ካልቆጠርን አሉ። እርስዎ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ላይ ያለው ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነው። "ሦስት ትርፍ ለምን?" ብለው ራሳቸው ጠየቁ፣ ራሳቸው መለሱ፤ አምስት ከሁለት በሦስት ስለሚበልጥ።

ታኅሣሥ 20 ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ረጅም ሰው ነው፣ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ነካ። ርዕሰ መምህሯ በሩ ጋ ቆማለች። ነርሷና ሌሎቹ ወላጆችም ተጋብዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሰውየው ከሣጥኑ አንድ ዳይስ አነሳ። ከአሥራ አራቱ ያንኑ ነው ያነሳው። ጣለው፤ አምስት ወጣ።

"ከሥሩ ስንት አለ?" አለ፣ ይደገምን እያየ። እሷ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አየች።

"አምስት።"

ሳቅ አለ። "ፊትና ጀርባው ተደምሮ ሰባት ነው የሚሆነው፣ አልነገሯችሁም? ከሰባት አምስት ሲቀነስ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"ታዲያ?"

"በሌሎቹ ሁለት ነው። በዚህ አምስት ነው።"

የርዕሰ መምህሯ አንገት ሲቀላ ይታየኛል። ሰውየው ዳይሱን ሊያገላብጥ እጁን ሰደደ። ሃምሳ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "በእጅ ማገላበጥ ክልክል ነው፣ ተራዎን ያጣሉ" አሉት። እጁን ሰበሰበ። አባባ፣ በሙሉ ሰውነቱ ነው የሰበሰበው።

"ሳላገላብጥ በምን አውቃለሁ?"

ይደገም ደብተሯን አመጣችለት። ጭረቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አያቸው።

"እሺ፣ ሁለት ባይኖረውስ ምን ይጎዳል?"

"ዘጠና ሰባት ላይ የቆመ ሰው አይገባም።"

"ለምን?"

"ሦስት ነው የሚፈልገው። በሁለት ጊዜ መጣል ሦስት የሚመጣው በአንድና በሁለት ብቻ ነው። ሁለት ደግሞ የለም።"

"በሁለትና በአንድም ይመጣል" አለ ከኋላ አንዱ፣ "ግን ያው ነው።"

"ዘጠና ስድስት ላይ የቆመስ?" አለ ሰውየው።

አሁን ሁሉም እጃቸውን አወጡ። "ይገባል፣ በአንድና በሦስት።" ዘጠና አምስትስ፣ ዘጠና አራትስ እያለ ወደ ኋላ ወሰዳቸው፤ ሄዱለት። ደወል ተደወለ፣ ማንም አልተነሳም፤ እሱም አልተነሳም። ነርሷን ዞር ብዬ አየኋት። በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትደምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት የመጣው። "ማነው የሠራው?" አለኝ። "አባቴ" አልኩት። "ሆን ብሎ ነው?" አለኝ።

አዎ ብል እርስዎ ብልህ ይባሉ ነበር። ግን ልጆቹ እያዩኝ ነው፤ በእጅ አታገላብጡ ያልኳቸው ልጆች። "አይ፣ ስሕተት ነው" አልኩ። ሃምሳ ሁለት ልጅ ፊት የአባቴን ስሕተት ተናገርኩ። አራት መስመር ብቻ የጻፍኩልዎ ለዚህ ነው።

መዝገቡ ላይ "ሣጥኑ ከክፍሉ እንዳይወጣ" ብሎ ፈረመ። የ"ለ" ክፍል መምህርም ለልጆቹ አሥራ ሦስት ይፈልጋል፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅዎ ግን አላውቅም።

ልጅዎ

*

(ሦስት ሳምንት መልስ አልመጣም። እሑድ እሑድ ስሄድ ወርክሾፑ ተቆልፎ ከውስጥ የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል። ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ "ዘንድሮ ሚሊሜትርን ምን ነካው? ሥራ ላይ አላወራም አለኝ" ብሎ ስሞታ አቀረበልኝ። ከዚያ ይህ መጣ።)

*

ጥር 27

ይድረስ ለጠመኔ፣

መልስ ያዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ "ጥርቡን መልሺልኝ፣ ምድጃ ውስጥ ልክተተው" ብዬ ጽፌ ነበር። ሹፌሩ ሳይመጣ ቀደድኩት።

እንዴት እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ተቀምጬ አሰብኩ። አገኘሁት። አንድን ስበሳ ብቻዬን ነበርኩ። ስድስትን ስበሳ ብቻዬን ነበርኩ። አምስትን በስቼ አዙሬ ሁለትን ልበሳ ስል ልብስ ሰፊው ገባ፣ "ለማን ነው?" አለኝ። ስለ አንቺ ነገርኩት። እሱ ሳይወጣ ፀጉር አስተካካዩ ገባ፤ እንደ አዲስ ጀመርኩለት። "ሃምሳ ሁለት ልጅ ታስተምራለች፣ ጨዋታውን ያወጣችው ከራሷ ነው" እያልኩ መሰርሰሪያው በእጄ ነበር። የተሳሳተው እጄ አይደለም፣ አፌ ነው። አርባ ዓመት ሰው እንጨት ላይ ሆኖ አያውራ ስል ኖሬ በልጄ ጊዜ አወራሁ። ከዚህ በኋላም ብትጠይቂኝ የማወራ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በሩን መቆለፍ ይሻላል።

ሰውየው ፊት "ስሕተት ነው" ማለትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆን ብሎ ነው ብለሽ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እቀር ነበር። ወንበር አስመልሼ በአንድ ሚሊ ያረምኩት ለዚሁ ነው። ልጄ ከእኔ የወሰደችው ነገር ካለ እሱን ወስዳለች፤ ይህን ለፀጉር አስተካካዩ ነግሬዋለሁ፣ ሥራ ሳልይዝ።

ስለ ሁለት መቶ ሰባ ሦስቱም አስቤያለሁ። እኔ አባዝቼ ጻፍኩ፤ ልጆችሽ ቆጠሩ።

አሁን ሁለት ከረጢት ልኬልሻለሁ። ነጩ ከረጢት የ"ለ" ክፍል ነው፤ አሥራ ሦስት ጥርብ፣ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ቀዳዳ። ይህን ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ሰማያዊው ከረጢት ግን የአንቺ ክፍል ነው። በእሱም ውስጥ አሥራ ሦስት ጥርብ አለ፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ ቁጥር ጎድሏል፣ በቦታው ሌላ ቁጥር ተደግሟል። የትኛው ላይ የትኛው እንደጎደለ ለአንቺም አልነግርሽም፤ ዝርዝሩ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፏል። ለይደገም ንገሪያት፤ ጥላ፣ ቆጥራ፣ ጽፋ ትላክልኝ፣ አመሳክራለሁ። ከተሳሳተች ይደገም እላታለሁ።

ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ግን ምንም ያልጎደለው፣ ልክ የሆነ ነው። ይህን አትንገሪያቸው። እሱ ላይ ሲደርሱ የሚከራከሩትን ክርክር በዓይኔ ማየት ስለምፈልግ፣ ወገቤ ከፈቀደልኝ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ወንበር አዘጋጂልኝ። እግሩን አያለሁ።

አባትሽ ሚሊሜትር

*

እንግዲህ ይኸው ነው። አባባ ሐሙስ ይሳፈራል፤ ሹፌሩ ከጀርባው ያለውን መቀመጫ ይዞለታል፣ ልብስ ሰፊውም ለመንገዱ ኮቱን በነፃ ተኩሶለታል። ባለፈው እሑድ ልሰናበተው ስሄድ ከኪሱ አንድ ጥርብ አውጥቶ ሰጠኝ። "ያንቺም አንዱ ጎድሏል፤ ወይም አልጎደለም። እንዳታገላብጪ" አለኝ። ስለ ቦርሳዬና ስለ ጣቶቼ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። እጄን ግን አየት አደረገ።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ቢሮዬ ውስጥ ነው። ዳይሱ የሻይ ማቅረቢያ ላይ ነው፣ ጭረቶቹ ባለፈው እትም ሽፋን ጀርባ ላይ ናቸው፤ እጄ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በግልጽ። አዘጋጃችን አንገቱን ብቅ አድርጎ "ቁልፍሽ ተገኘ?" አለኝ። "እየቆጠርኩ ነው" አልኩት። አርባ አራት ጊዜ ጥያለሁ። አራት የሚባል እስካሁን አልወጣም። ነገር ግን አርባ አራት መጣል ለይደገም እንኳ አይበቃትም ነበር፤ ስልሳ ነው የጣለችው። እኔ የባሰብኝ ስለሆንኩ መቶ አደርሰዋለሁ። የጎደለውን ቁጥር፣ ወይም አለመጉደሉን፣ አባባ መሳቢያውን ከፍቶ ልክ ነሽ ወይም ይደገም ባለኝ ቀን እዚሁ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ይደገም ቢለኝም አልደብቃችሁም።